ያልተጻፈው ደንብ

በሌላ ሰው ኮድ ላይ እጄን ከማሳረፌ በፊት የምፈልገው ያልተጻፈውን ደንብ ነው፦ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንደተሳሰረ፣ ከየት በታች እንደማይወርድ፣ ከየት በላይ እንደማይወጣ።

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫውን ስሌት፣ የሚማር ተማሪ ይህን ከስሌቱ ጋር በቃሉ ይይዛል። የስሌቱ ሁለት ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ቢደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። ስሌቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ፕሮግራመር ግን ብዙ ጊዜ ቀመሩን ጽፎ ወሰኑን ይተወዋል።

ማይክል ኤርነስት በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ዳይኮን የተባለ መሣሪያ የተተወውን ደንብ ይፈልጋል። ሥራውን በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያቀርቡ ዓላማቸው ፕሮግራም የሚያሻሽለውን ሰው መርዳት ነበር። ዳይኮን ፕሮግራሙ ሲሠራ በየተግባሩ መግቢያና መውጫ ላይ ቁጥሮቹን ይመዘግባል። «ይህ አይለወጥም»፣ «ይህ ከዚያ ይበልጣል»፣ «የሁለቱ ድምር ይህን ያህል ነው» የሚሉ ግምቶችን ይደረድርና መዝገቡ የሻረውን ጥሎ የተረፈውን ያሳያል።

መጥቅዕ የሚገኘው ወንበር፣ ማለትም ዓመቱ በ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ነው፤ ወንበር ዜሮ ሲሆን ግን መጥቅዕ 30 ይባላል። ይህችን ልዩ ሁኔታ የምትይዘው የኮድ መስመር ትርፍ ትመስላለች። ብትሰረዝ ከ2007 እስከ 2024 ዓ.ም. አንድም መልስ አይበላሽም፤ በ2006 እና በ2025 ግን የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያውን እነዚህን ዓመታት ጨምሬ ከለውጡ በፊትም በኋላም አሠራዋለሁ። «ድምሩ 30 ነው» የሚለው ከዝርዝሩ ከጠፋ ለውጡን አላጸድቅም።

ዳይኮን ያላየውን ግን አያውቅም። ከ2011 እስከ 2018 ያሉትን ዓመታት ብቻ ብንሰጠው ፋሲካ ሁልጊዜ በሚያዝያ ይውላል ሊለን ይችላል፤ በ2010 ግን መጋቢት 30 ነበር። ለዚህ ስሌት መፍትሔው ሊቃውንቱ ዘንድ አለ፦ የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት በ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ሲባዛ 532 ዓመት ይሆናል፤ ዐቢይ ቀመር የሚሉት ነው። ያን ዙር ሙሉውን ካስኬድነው የፋሲካ ወሰን ያለ ስሕተት ይወጣል።

የደመወዝ ወይም የብድር ኮድ እንዲህ ያለ የተዘጋ ዙር የለውም። እዚያ ዳይኮን ያወጣውን እያንዳንዱን መስመር እንደ ጥያቄ አነበዋለሁ፦ ይህ የሥራው ደንብ ነው ወይስ የሙከራው ጉድለት? ደንብ ከሆነ ኮዱ ውስጥ እጽፈዋለሁ፤ ጉድለት ከሆነ የጎደለውን ሙከራ እጨምራለሁ።