መከባበር በአውራ አምባ

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ ፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ለልጆቹ መከባበርን የሚያስተምርበት መንገድ አድናቆት ይገባዋል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ የሴትና የወንድ እኩልነትን፣ የሕፃናትን መብት፣ አቅመ ደካማን መርዳትንና ከክፉ ንግግርና ድርጊት መራቅን መርሆቹ አድርጓል። ልጆች ይህን በቃል በማጥናት ብቻ አይማሩም፤ እናት በሬ ጠምዳ ስታርስ፣ አባት እንጀራ ሲጋግር እያዩ ያድጋሉ። በቤተሰብ ስብሰባም ትንሹ ልጅ ሳይቀር ሐሳቡን ይናገራል፤ ታላላቆቹም ያዳምጡታል።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ መምህራን ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ኑሮ እንዲሆን ከፈለጉ፣ አርአያው ሩቅ አይደለምና አውራ አምባን ሄደው ይዩ፤ ተማሪዎቻቸውንም ያሳዩ።