ቤትህን ይዘህ ውጣ

ነጋሪት ጋዜጣን እንደ ድርሰት የማንበብ ክፉ አመል አለብኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት የተጣባኝ ነው። ጠበቃ ወዳጄ ይስቅብኛል፤ «አዋጅ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ትፈልጋለህ እንዴ?» ይለኛል። እፈልጋለሁ እንጂ! በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ውስጥ ያለው ገጸ ባሕርይ «የሊዝ ባለይዞታ» ይባላል። ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ተሰጥቶታል። እንግዲህ ይህ ሰው ታሪኩን ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ነው፤ የመጨረሻዋ ገጽ ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው።

በአንድ ወቅት ተማሪዬ የነበረና ዛሬ ቦንጋ የሚኖር ሰው የሊዝ ውሉን አሳየኝ። በ2009 በጨረታ የወሰደው ቦታ ነው። ቅድመ ክፍያው፣ የእፎይታ ጊዜው፣ ዓመታዊ ክፍያው ሁሉ በቃሉ ነው። የሚያበቃበትን ዓመት ስጠይቀው ግን ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። 2108 ይላል።

«መምህር፣ ያን ጊዜ እርስዎም እኔም የለንም» አለኝ እየሳቀ።

«የልጅ ልጆችህስ?»

ሳቁን ተወው።

አባቱ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ቀፎ የሚሰቅሉበት የጫካ ድርሻ አላቸው። ካፋዎች ኮቦ ይሉታል። ቀድሞ የያዘው ቤተሰብ ቀፎውን ይሰቅልበታል፣ ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል፣ ጎረቤት ድንበሩን ያውቀዋል። ወረቀት የለውም፤ የሚያበቃበት ዓመትም የለውም። ኮቦን ለማሞገስ አይደለም ያነሳሁት። ወረቀት የሌለው መብት መንግሥት «ደኑ የእኔ ነው» ባለ ቀን ምን እንደሚሆን የካፋ ሰው ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ነገር ግን አባትየው ማብቂያ የሌለው ነገር ይዘው ያለ ወረቀት፣ ልጅየው ወረቀት ይዞ ከማብቂያው ጋር መኖራቸው ገርሞኛል።

ወደ ድርሰቱ እንመለስ። አንቀጽ 19 ስለ እድሳት ነው። የሊዝ ዘመኑ ሲያበቃ ያን ጊዜ በሚኖረው የመነሻ ዋጋና በሌሎች መስፈርቶች ሊታደስ «ይችላል»። ባለይዞታው ግን ዘመኑ ሊያበቃ ከ10 እስከ 2 ዓመት ሲቀረው በጽሑፍ ማመልከት አለበት። የተማሪዬን ውል ብናሰላ፣ መስኮቱ በ2098 ተከፍቶ በ2106 ይዘጋል ማለት ነው። ማን ነው የሚያመለክተው? እስከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ስንት ጊዜ ስሙ ይለወጥ ይሆን? ፋይሉስ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገኛል? ደግሞ «ይታደሳል» እና «ሊታደስ ይችላል» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ቃል መግባት ነው። ሁለተኛው ሰውየው ደጅ እንዲጠና መፍቀድ ነው።

ካልታደሰስ? እዚህ ላይ ነው ግሥ የጠፋው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ማለቱን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 7 ግን አንባቢ የለውም። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት አለው ይላል። በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ሲያበቃም ንብረቱን ሊያነሳ፣ ባለቤትነቱን ሊያዛውር ወይም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ሦስት ግሦች። ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ተብሎ ተዘጋ።

ዝርዝሩ መጣ። የ2004ቱ አዋጅ አንቀጽ 25 ውሉ ያልታደሰለት ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ንብረቱን አንስቶ ቦታውን ያስረክባል፣ ካላነሳ መንግሥት ቦታውን ከነንብረቱ ያለ ምንም ክፍያ ይወስዳል አለ። ማዛወር የለም፣ ካሳ የለም። ከሦስቱ ግሦች የተረፈው «ማንሳት» ብቻ ነው። ጠበቃ ወዳጄ «በሕግ ይወሰናል» የምትለዋን ሐረግ ይዞ ይሞግተኛል። መዘርዘርና መቀነስ አንድ ነው ብሎ ያስተማረኝ ግን የለም።

ማንሳትስ ቢሆን ምን ማለት ነው? የድሮውን የቦንጋ የጭቃ ቤት ማንሳት ይቻላል። ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ምሰሶው ይወጣል፣ በርና መስኮቱ ይጫናል፤ ጭቃው ለመሬቱ ይቀራል። አዋጁን የጻፈው ሰው በዓይነ ኅሊናው ያየው እንዲህ ያለ ቤት ይሆን? አገሩ ግን ከዚያ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሳይሆን በፊት ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ነበር። አዋጅ 370/1995 ሰው በሕንፃ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ለብቻው ባለቤት እንዲሆን ፈቅዷል። እስቲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሳሎንዎን ያንሱ! ወለልዎ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ነው፤ ጣሪያዎ የላይኛው ጎረቤት የልጆች መሮጫ። ለሕንፃው ማሻሻያ ገንዘብ ማዋጣት የሰለቸው ማኅበር ስለ መሬቱ እድሳት አንድ ላይ ይፈርማል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

«ነባር ይዞታ ነው ያለኝ፣ ሊዝ አይመለከተኝም» የሚል አለ። የ2004ቱ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። እያንዳንዱ ሽያጭ ማብቂያ ያልነበረውን ቦታ ማብቂያ ያበጅለታል። በ2014 የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫ ለሆነችው ለቦንጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

99 ዓመት ስንት ነው? ከካፋ ታሪክ ልቁጠር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸረቾ የተማረኩት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። አንድ የሊዝ ዘመን ጨምሩበት፤ 1996 ይመጣል። በመካከሉ የንጉሡ ምድር ለነፍጠኛና ለገባር ሥርዓት ተሰጠ፣ ጣሊያን መጥቶ ሄደ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት ተወረሰ፣ በ1986 የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ፣ በ1987 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። በንጉሡ ዘመን ለ99 ዓመት የተዋዋለ የአንድራቻ ሰው ቢኖር እድሳቱን ማንን ይጠይቅ ነበር?

የሌሎች አገሮች ነገር ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። ቻይና መሬቱ የግል ያልሆነባት አገር ናት፤ መኖሪያ ቤት እስከ 70 ዓመት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የንብረት ሕጋቸው ግን የመኖሪያው ዘመን ሲያበቃ በራሱ ይታደሳል አለ። በ2016 ዌንጆ በምትባል ከተማ የ20 ዓመት ውሎች አልቀው ሹማምንቱ ከቤቱ ዋጋ ሲሶ ያህል ሲጠይቁ ጩኸት ተነሳ፤ ማዕከላዊው መንግሥት ያለ ማመልከቻና ያለ ክፍያ ይቀጥሉ ብሎ ወሰነ። የሊዝ ባህል እናት የሆነችው እንግሊዝም ብትሆን በ1993 የአፓርታማ ባለሊዞች ከፍለው 90 ዓመት እንዲያስጨምሩ መብት ሰጥታለች። መሬት የመንግሥት ነው ማለትና «ይታደሳል» ማለት አይጣሉም። እኛ አገር የተጣሉት በአርቃቂው ብዕር ነው።

99 ዓመት ሩቅ ነው፣ ምን አስቸኮለህ የሚለኝ አይጠፋም። ያው አዋጅ ለከተማ ግብርና የሰጠው 15 ዓመት ብቻ ነው። በ2004 የተዋዋለ ሰው ዘመኑ በ2019 ያበቃል፤ ማመልከቻውን እስከ 2017 ማስገባት ነበረበት። ቦንጋ ላይ የወተት ላሞች የሚያረባ አንድ ሰው አገኘሁና ውሉ የስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቅሁት። የ2006 ነው አለኝ። «እንግዲያው መስኮቱ በ2011 ተከፍቷል፣ በ2019 ይዘጋል። ማመልከቻ አስገባህ?»

«የምን ማመልከቻ ነው ጋሼ?» አለና ወደ በረቱ እያየ ቆመ። ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ ውሉን የት እንዳስቀመጠችው ጠየቃት።