የኮምፒዩተርና የስልክ ሠሪዎች ፉክክር ለማን ጠቀመ? ከመተማ ዮሐንስ አንጻር የቀረበ ሂስ

በተማሪዎች መካከል ዘወትር ከሚሰሙት ክርክሮች አንዱ ከአፕል፣ ከማይክሮሶፍትና ከጉግል የማንኛው ሥራ ይበልጣል የሚለው ነው። ተከራካሪዎቹ በሌላው ሁሉ ቢለያዩም በአንድ ሐሳብ ይስማማሉ፤ ይኸውም የኩባንያዎቹ ፉክክር ሰውን ሁሉ ይጠቅማል የሚለው ነው። እኛ ግን ይህ ሐሳብ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም እንላለን። ለምርመራውም በሱዳን ወሰን ላይ ያለችውን መተማ ዮሐንስን ሚዛን አድርገን እንወስዳለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመተማ ነጋዴ ከስልኩ የሚፈልገው ምንድን ነው? ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ፣ መብራት በሌለበት የሰሊጥ እርሻ ውስጥ የሚሰነብት ባትሪ ይሻል። ገላባት ተሻግሮ የሚነግድ ከሆነ የሁለት አገር ሲም ካርድ የሚይዝ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ከወዲህ በአማርኛ፣ ከወዲያ በዐረብኛ መጻፍም ይኖርበታል።

ታላላቆቹ ተፎካካሪዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ዘግይቷል። አፕል የመጀመሪያውን አይፎን ያወጣው በ2007 ሲሆን፣ በጉግል አንድሮይድ የሚሠራው የመጀመሪያ ስልክ ለገበያ የቀረበው በ2008 ነው። አንድሮይድ በሌሎች ሰዎች የተሠራ የፊደል ገበታ እንዲጫንበት በ2009 ሲፈቅድ፣ አፕል ግን ይህን የፈቀደው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2014 ነው። አይፎን በሁለት ሲም መሥራት የጀመረውም በ2018 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ለአፍሪካ ገበያ ሁለት ሲም የሚይዙ ርካሽ ስልኮችን ያቀረበው የቴክኖ ባለቤት የሆነው የቻይናው ኩባንያ ትራንሲዮን ነው፤ በ2011ም በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ።

«ታዲያ ቴክኖስ ተፎካካሪ አይደለምን?» የሚል ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፉክክር ዋጋን እንደሚቀንስና የተረሳውን ገበያ እንደሚያስታውስ አንክድም። ነገር ግን ተፎካካሪ የሚሮጠው ገዢ አለ ብሎ ወደሚያስብበት ስፍራ ብቻ ነው። በገዢነት ያልተቆጠረ ሕዝብ ከሩጫው ውጭ ይቀራል። ከተቆጠረም በኋላ ርካሹን ስልክ የገዛው ሰው፣ ውዱን ከገዛው ይልቅ የደኅንነት ማሻሻያ ፈጥኖ ይቋረጥበታል።

የፊደላችን ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገር ቤትና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ብዙ ደክመዋል፤ ክብርም ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሞቹ ለየፊደሉ የሚሰጡት ቁጥር የተለያየ ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ያው የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እንግዲህ የባዕዳኑን ፉክክር ስንነቅፍ፣ የራሳችንም ፉክክር ጽሑፎቻችንን እርስ በርስ እንዳይነበቡ አድርጎ እንደነበረ መዘንጋት የለብንም።

ይህን ችግር የፈታው ፉክክር ሳይሆን ስምምነት ነው። አፕልና ማይክሮሶፍት በገበያ እየተፋለሙ ሳለ፣ በ1991 በተቋቋመው የዩኒኮድ ኅብረት ውስጥ አብረው ሠርተዋል። በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የጋራ ቁጥር አገኙ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ዛሬ ከመተማ በቴክኖ የተላከ የአማርኛ መልእክት ጎንደር ላይ በአይፎን የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ስለዚህ የክርክሩ ጥያቄ መለወጥ አለበት እንላለን። መጠየቅ የሚገባን «ማን አሸነፈ?» ብለን ሳይሆን «ተፎካካሪዎቹ በምን ተስማሙ? በስምምነቱስ ውስጥ እኛ አለንበትን?» ብለን ነው። መሥሪያ ቤቶችና ኮሌጆች ዕቃ ሲገዙ ከስሙ ይልቅ በጋራ ደንብ መሥራቱን ይመርምሩ። በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችና መዛግብት ሳይጠፉ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጡ። ይህ ሥራ ከሩቅ ኩባንያ የሚጠበቅ አይደለም፤ የእኛው የተማሪዎችና የመምህራን ሥራ ነው።