«ኢግሪጂየስ» እና የአማርኛ አቻው

በእንግሊዝኛ «ኢግሪጂየስ» የሚባል የነቀፌታ ቅጽል አለ። በተራ ንግግር ብዙ አይሰማም፤ በሕግ፣ በዲፕሎማሲና በሒስ ጽሑፎች ግን ያጋጥማል። ለተርጓሚ ቀድሞ የሚመጣለት «ከባድ» የሚለው ፍች ነው። ይህ ፍች የሚበቃ መሆን አለመሆኑን እንመርምር።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ግሬክስ» መንጋ ሲሆን፣ «ኤግሬጊዩስ» ከመንጋው የወጣ፣ ከሌሎች ልቆ የታየ ማለት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ይህንኑ የምስጋና ፍች ይዞ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያው መቶ ዓመት ነቀፌታ ተደረበበት፤ ኋላም ነቀፌታው ምስጋናውን አስለቀቀው። የለውጡ መንሥኤ የምጸት አነጋገር ሳይሆን አይቀርም። በጣልያንኛ «ኤግሬጅዮ» ዛሬም በደብዳቤ ራስጌ የሚጻፍ የአክብሮት ቃል ነው። ስለዚህ ሥሩን ብቻ ተከትሎ «ስመ ጥር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነቀፌታውን ውዳሴ ያደርገዋል።

«ከባድ» የሚለው ሌላ ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቁት የጄኔቫ ስምምነቶች «ግሬቭ» የሚሏቸውን ጥሰቶች ለይተው ይዘረዝራሉ። ይህ የሕግ ወሰን የተበጀለት ቃል ነው፤ «ከባድ» የሚገባውም ለእርሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ፍች ከጠቀለልናቸው አንባቢው የሕጉን ስያሜ ከጸሐፊው የነቀፌታ ፍርድ ሊለይ አይችልም።

«ዓይን ያወጣ» የሚለው ለውሸት ይስማማል፤ ነገር ግን ኀፍረተ ቢስነትን ያዘለ ነው። «ኢግሪጂየስ» የተባለ ስሕተት ሳይታሰብ የተፈጸመ ሊሆን ይችላል። «ዓይን ያወጣ ስሕተት» ብንል በተወቃሹ ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ ያላቀረበውን ክስ እንጨምርበታለን።

ከሁሉ የሚቀርበው «የለየለት» ነው። «ለየ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ከላቲኑ ምስል አይርቅም፤ ክፉ ነገርንም ይከተላል፤ «የለየለት ሌባ»፣ «የለየለት ውሸታም»፣ «የለየለት ስሕተት» ይባላል፤ «የለየለት ደግ» ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። እርግጥ «የለየለት» ጥርጥር የሌለበት መሆኑን ሲያጎላ፣ እንግሊዝኛው ከሌሎች ብሶ መገኘቱን ያጎላል፤ ልዩነቱ ጎልቶ መታየት ሲኖርበት «እጅግ የከፋ» ማለት ይቻላል። የንግግር ቃል ነው ተብሎም ሊናቅ አይገባም፤ በጽሑፍም ሲሠራበት የኖረ ነው።

እንግዲህ በመዝገበ ቃላት ውስጥ «የለየለት» ቀዳሚ፣ «እጅግ የከፋ» ተከታይ ፍች ሆነው ይግቡ፤ «ዓይን ያወጣ» ኀፍረት ማጣት በግልጽ ለተነገረበት ቦታ ብቻ ይቆይ።