ምስማር ያልነካው ጎጆ

ሞንሄጋን በአሜሪካ ሜይን ግዛት ጠረፍ፣ ከየብስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አትላንቲክ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ደሴት ናት። ካቴድራል የሚሉት ጥቅጥቅ ያለ የስፕሩስ ደን አላት፤ ስፕሩስ ጥድ የሚመስል፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከዛፎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ ላየ ደግሞ ሌላ መንደር አለ፦ በአውሮፓውያን ተረት ክንፍ ላላቸው ጥቃቅን ፍጡራን፣ ለፌሪዎች፣ መንገደኛው የሠራላቸው ቤት።

ብዙዎቹ ጭራሮ ተከምሮባቸው የቀሩ ናቸው፤ ዓይን አይዙም። አንዱ ግን አስቀመጠኝ።

በሁለት ሥሮች መካከል የቆመ ነው፤ ወርዱ ስንዝር ቢሆን ነው። ከፊት እርሳስ የሚያካክሉ ሁለት ባላዎች ተተክለዋል። ሠሪው ቆርጦ አላስተካከላቸውም፤ መንታቸው እኩል ከፍታ ላይ የሚውል ጥንድ እስኪያገኝ ከመሬት ሲለቅም ቆይቷል ማለት ነው። በባላዎቹ ላይ አግዳሚ ተጋድሟል፤ ከአግዳሚው ወደ ግንዱ ወራጆቹ ሽቅብ ተደርድረው ጫፋቸው የዛፉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ገመድ የለ፣ ሙጫ የለ፣ ምስማር የለ። ክብደት ብቻ ነው ያያዛቸው።

ጣሪያው የሠሪውን እጅ ይበልጥ ያሳያል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የደረቀ ቅርፊት ከታች ወደ ላይ ተነባብሯል፤ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ እየሸፈነ። ክዳን የሚያውቅ ሰው ከታች ነው የሚጀምረው። ቅርፊት ሲደርቅ ደግሞ ይቆለመማል፤ ሁሉንም በሆዳቸው ስላስተኛቸው ጠርዛቸው ወደ ታች ደፋ ብሎ ዝናቡን ያንሸራትታል። አንዲቱ ብትገለበጥ ውሃ ትቋጥር ነበር። አንዲትም አልተገለበጠችም።

ደኑን የሚጠብቀው ሞንሄጋን አሶሲየትስ የተባለ ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቋቋመው የአምፖሉ ሰው የቶማስ ኤዲሰን ልጅ፣ ቴዎዶር ኤዲሰን ነው። እዚያ ጎጆ ለሚሠራ ሰው ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ሕይወት ያለው ተክል አይቀጠፍም፤ ፕላስቲክና የተገዛ ጌጥ አይገባም። መሬቱን የሸፈነው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አንዴ ከተላጠ ቶሎ አይመለስም፤ ስለዚህ የወደቀውን ማንሳት ብቻ ነው የሚፈቀደው። የሙያው ምሥጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቢላዋ ያለው ሰው እንጨቱን ወደ ሐሳቡ ያመጣል፤ ይህ ሠሪ ግን ሐሳቡን ይዞ እንጨቱ ዘንድ ሄዷል። ዕቃ ዕቃ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል፤ ለአንድ ምሰሶ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ግቢውን ሙሉ የዞረ ልጅ።

ደፉ ጠፍጣፋ ጠጠር ነው። ውስጡን ለማየት ጉንጬን መሬት ላይ ማሳረፍ ነበረብኝ። ከሥሩ ጥግ፣ ቆሞ የሚያልፍ ሰው ፈጽሞ በማያየው ቦታ፣ ከቀጫጭን ጭራሮ የተረበረበ አልጋ አለ። የረገፈ ግራጫ የዛፍ ሽበት እንደ ፍራሽ ተነጥፎበታል። በራስጌው በኩል ሁለት ትራስ አለው።