ስለ ዘገዩት ስልኮች ክስና ስለ አዋሽ ሸለቆ ሸማች

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በዝግታ እንዲሠሩ የሚያደርግ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላከ፤ ይህንንም በግልጽ ያመነው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነው። ከዚያ ወዲህ አያሌ ክሶች ቀረቡበት። የኢጣሊያ ባለሥልጣን በ2018 10 ሚሊዮን፥ የፈረንሳይም በ2020 25 ሚሊዮን ኤውሮ ቀጡት፤ በአሜሪካም በ2020 ጥፋተኛነቱን ሳያምን እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ብዙዎች ይህን የሸማቾች ድል ይሉታል። እኛ ግን ድሉ ጎዶሎ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ፥ ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት ከንቱ እንዳልሆነ መቀበል ይገባል። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሲበዛበት የሚፈለገውን ኃይል መስጠት ይሳነውና ስልኩ በድንገት ይጠፋል፤ ፍጥነቱን መቀነስ ይህን ይከላከላል። ጥፋቱ ዝምታው ነው። ባለቤቱ ባትሪ መለወጥ እንደሚበቃው ሳያውቅ አዲስ ስልክ ወደ መግዛት ይሄዳል። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ኩባንያው የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ማውረዱ ለዚህ ምስክር ነው።

አሁን ነገሩን ወደ አዋሽና ወደ ሰመራ አምጥተን እንመልከተው። ኩባንያው ራሱ ስልኩን ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሆነ ሙቀት እንዳናጋልጠው፥ ባትሪውም ለዘለቄታው ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በሰመራ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እንግዲህ ባትሪ ቶሎ የሚያረጀው፥ ስልክም ቶሎ የሚዘገየው በዚህ ዓይነቱ አገር ነው። የአሜሪካው ካሣ ግን በዚያው አገር ለነበሩ ባለቤቶች ብቻ ተወሰነ፤ በጂቡቲ መንገድ ዳር ያገለገለ አይፎን የገዛ ሰው ከዚህ ድርሻ የለውም።

የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085፥ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው እንደ ወጉ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ጥያቄው፥ ይህ መብት በሽያጩ ቀን ያበቃል ወይ? የሚል ነው። ሠሪው ከሸጠ በኋላም ዕቃውን ከሩቅ ሆኖ መለወጥ ከቻለ፥ የመግለጽ ግዴታውም አብሮት መዝለቅ አለበት ብለን እናምናለን።

የሕግ ተማሪዎችና መምህራን ይህን እንዲመረምሩት እናሳስባለን። ለሰመራ ሰው ዘግይቶ ከሚመጣ ካሣ ይልቅ፥ «ስልክህ ደኅና ነው፤ ባትሪውን ለውጥ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በሚያነበው ቋንቋ በጊዜው ቢደርሰው ይጠቅመዋል።