ከአንድ ኮሮጆ፦ ካርታና ሕልውና በ«ዊዛርድሪ» አሥረኛ ወለል

የ«ዊዛርድሪ»ን አሥር ወለሎች በባለካሬ ወረቀት ስሎ የጨረሰ ተጫዋች ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ቢዘረጋ፣ ከቀላሎቹ አንዱ የመጨረሻው ሆኖ ያገኘዋል። አሥረኛው ወለል ተከታታይ ክፍሎች ነው። በየክፍሉ ውጊያ አለ፤ ከውጊያው በኋላ ወደፊት የሚያሻግር ካሬ አለ፤ መጨረሻ ላይ ክታቡን የሰረቀው ጠንቋይ ዌርድና ከቫምፓየር አጃቢዎቹ ጋር ይጠብቃል። ሆኖም በሕይወት መቆየት ከሁሉም የሚከብደው እዚሁ ነው። ካርታው ሲቀል አደጋው የሚከብደው ለምን እንደሆነ ሳይረዱ ይህን ጨዋታ ተረድቻለሁ ማለት አይቻልም።

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁት አንድሪው ግሪንበርግና ሮበርት ውድኸድ የጻፉትን ይህን ጨዋታ ሰር-ቴክ የተባለው ድርጅት ለአፕል 2 ኮምፒውተር በ1981 እ.ኤ.አ. አወጣው። ስድስት ገጸ ባሕርያት ያሉት ቡድን ከመሬት በታች ወዳለ ዋሻ ይወርዳል። እያንዳንዱ ወለል 20 በ20፣ ማለትም 400 ካሬ ነው። ማያው የሚያሳየው በቀጭን መስመር የተሳለ ኮሪደር ብቻ ነው፤ ካርታ የሚባል ነገር የለም። ካርታው የሚሳለው ጠረጴዛ ላይ፣ በእርሳስ ነው።

ይህንን ብዙዎች በዘመኑ የኮምፒውተር አቅም ማነስ ያመካኙታል። በከፊል እውነት ነው፤ ወጥመዶቹን ግን አያስረዳም። በምሥራቅ ጠርዝ የወጣ ቡድን በምዕራብ ጠርዝ ይገባል። የረገጠውን ሁሉ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያለ ምንም ምልክት የሚያዞር ካሬ አለ። ወደ ሌላ ቦታ በዝምታ የሚወስድም አለ። እነዚህ የተነጣጠሩት ገጸ ባሕርያቱ ላይ አይደለም፤ ማንንም አያቆስሉም። የተነጣጠሩት ወረቀቱ ላይ ነው። የጨዋታው ደራሲዎች ካርታ የሚሥለውን እጅ አስቀድመው አስበውት ነው የሠሩት።

ጨለማ ዞን የሚባለውን ቦታ በቅርብ እንየው። ብርሃን የሚሰጠው ድግምት እዚያ ሲገባ ይጠፋል፤ ማያው ባዶ ይሆናል። ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ይሞክራል፤ ግድግዳ ከሆነ «ኦች!» የሚል ቃል ይወጣል፤ ወረቀቱ ላይ መስመር ያሰምራል። ዞሮ ሌላውን ጎን ይሞክራል። እንዲህ ካሬ በካሬ እየተጋጨ ሲሄድ አንድ ቀን መስመሮቹ አልገጥም ይላሉ። ያኔ «ዱማፒክ» የተባለውን ድግምት ያነባል። ድግምቱ ቡድኑ ወዴት እንደዞረ፣ ከላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት ከሚያወጣው ደረጃ በምሥራቅና በሰሜን ስንት ካሬ፣ ወደታችም ስንት ወለል እንደራቀ ይነግረዋል።

የጨዋታው ረቂቅነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ዱማፒክ የአንደኛ እርከን ድግምት ነው፤ ጠላትን የሚያስተኛው «ካቲኖ»ም እንዲሁ። ለአንድ እርከን ያለው የድግምት ብዛት ደግሞ ቢበዛ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ «የት ነኝ?» ብሎ የጠየቀ አስማተኛ ራሱን ከሚከላከልበት ላይ ቀንሶ ነው። ዕውቀትና መከላከያ የሚወጡት ከአንድ ኮሮጆ ነው።

ወደ አሥረኛው ወለል ሲወረድ ይህ ሕግ መልኩን ሳይለውጥ ክብደቱን ይለውጣል። ከዘጠነኛው የሚጥለው ቀዳዳ የአንድ አቅጣጫ ነው፤ በወደቁበት አይወጡም። ባሉበት ሆነው የትም ለመዝለል የሚያስችለው ድግምት «ማሎር» የሰባተኛ እርከን ነው። ከድግምቶች ሁሉ አጥፊው «ቲልቶዋይት» የዚያው እርከን ነው። ክፍል ውስጥ የጭራቅ መንጋ ያጋጠመው ተጫዋች ቲልቶዋይትን በለቀቀ ቁጥር የመመለሻውን ስንቅ ያጎድላል። አስማተኛው ከዚያ እርከን የቀረችውን አንዲት ድግምት ለውጊያ ካዋለ ዘልሎ መውጣት ያቅተዋል። ማሎርም ቢሆን የዋህ አይደለም፤ ርቀቱን የሚያስገባው ተጫዋቹ ራሱ ስለሆነ፣ ተሳስቶ ድንጋይ ውስጥ ያሳረፈው ቡድን ለዘለዓለም ይጠፋል።

እንግዲህ በዚህ ጥልቀት ካርታ ማለት የግድግዳ ሥዕል መሆኑ ይቀራል። ከየትኛው ክፍል በኋላ ምን ያህል ድግምት ሊቀር እንደሚገባ የሚነግር የሒሳብ መዝገብ ይሆናል። የአሥረኛው ወለል ሥዕል የቀለለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከተጫዋቹ የሚፈለገው ፈተና ከመንገድ ፍለጋ ወደ መጠን ማወቅ ተዛውሯል። በ2024 ዲጂታል ኢክሊፕስ የጥንቱን ኮድ ከሥር እያስኬደ ያወጣው እድሳት ካርታውን ራሱ ይሥላል። የላይኞቹ ወለሎች በዚህ ብዙ ያጣሉ፤ በጨለማ መዳበሱ ራሱ ጨዋታው ነበርና። አሥረኛው ግን እምብዛም አይጎዳም፤ ማሎርና ቲልቶዋይት ዛሬም ከአንድ ኮሮጆ ይወጣሉ።

ቡድኑ ካለቀ ደግሞ ሬሳዎቹ በወደቁበት ካሬ ይቀራሉ። ዲስኩ ሞቱን ወዲያው ስለሚመዘግብ ወደኋላ ተመልሶ ማስተካከል የለም። ሌላ ቡድን አሠልጥኖ፣ ያንኑ ወረቀት ይዞ፣ ያንኑ ካሬ ፈልጎ መውረድ ያስፈልጋል። ከስድስት በላይ አብሮ መጓዝ ስለማይቻል ሬሳ የሚያነሣው ቡድን ቦታ አጉድሎ ነው የሚሄደው፦ ሦስት ሬሳ ለማውጣት ስድስት ሰው የሚከብደውን ክፍል ሦስቱ ብቻ ሊጋፈጡት ግድ ነው። ለቀሩት ሦስት ሬሳዎች ደግሞ እንደገና ይወርዳሉ።